ከአያቴ ጥድ ላይ ማተም፦ ቀለበቱን ልተወው ወይስ ግቢውን ልቅረጽበት?

የገፈርሳ ልጅ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የህትመት ሥዕል ሠሪ ነኝ፤ እንጨት ቀርጬ፣ ቀለም ቀብቼ ወረቀት ላይ አትማለሁ። የምኖረውና የምሠራው ቡራዩን አለፍ ብሎ፣ ከገፈርሳ ግድብ ብዙም ሳይርቅ ነው። በልጅነቴ እርሻና ባሕር ዛፍ የነበረው ሰፈር አሁን ግማሹ ፎቅ፣ ግማሹ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ ሆኗል። አብዛኞቹ ሥራዎቼ ከዚህችው መሬት የወጡ ናቸው፦ ከወጨጫ የሚወርደው ጉም፣ ጠዋት ከግድቡ ተነሥተው እየጮኹ በጣሪያችን ላይ የሚያልፉት ምንቃራቸው የጎበጠ ወፎች፣ የለጋ ባሕር ዛፍ ቅጠል። ስለ ቅጠሉ ትንሽ ልበል። ነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ሳለ ቅጠሉ ሰፊና አመድማ ሰማያዊ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ያለ ዘንግ በቀጥታ ከቅርንጫፉ ጋር ይጣበቃል፣ ሲነኩት ጣት ላይ ነጭ ብናኝ ይተዋል። ሲያድግ ግን ያው ዛፍ ረጅም፣ ቀጭንና ቆልማማ ቅጠል ያወጣል። ልጆች ሳለን የሁለት የተለያዩ ዛፎች ቅጠል ይመስለን ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያደገ ሰው ይህን ቅጠል በእጁ ያውቀዋል። እኔም መቅረጽ የጀመርኩት በእሱ ነው።

ዛሬ የምጠይቀው ግን ስለ አንድ ጥድ ነው።

በአያቴ ግቢ በር አጠገብ፣ ከእናቴም በፊት የነበረ ጥድ ቆሞ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ መንገዱ ሲሰፋ ተቆረጠ። ግንዱ ለአጥር ቋሚ ሊፈለጥ ሲል ደርሼ ከታችኛው ክፍል እስከ ወገቤ የሚደርስ ቁራጭ አስቀረሁ፤ አሁን በረንዳዬ ላይ ጥላ ሥር ቆሟል። ቁራጩ ከላይ በኩል ሲቆረጥ መጋዙ ከብረት ጋር ተጋጭቶ ብልጭታ ተነሣ፤ ቆራጩ ተናዶ መጋዙን ወደ ላይ ከፍ አደረገና ቆረጠው። ብረቱ ምን እንደሆነ ሳላየው ዐወቅሁት። አያቴ የልብስ ማስጫውን ሽቦ የምታስርበት ሚስማር ነው። እኔ በልጅነቴ አይቼው አላውቅም፤ ያኔም ዛፉ ውጦት፣ ሽቦው ብቻ ከቅርፊቱ መሀል ወጥቶ ይታይ ነበር። የማስታውሰው እርጥብ ነጠላዋን ነው። ሽቦው ላይ ሲሰጣ ከሥሩ ገብቼ እቆማለሁ፤ ፀሐዩ በነጠላው አልፎ ፊቴ ላይ ያርፋል፤ የሳሙናው ሽታ ከጥዱ ሽታ ጋር ይቀላቀላል።

አሁን ቁራጩን ከላይ ሳየው ልቡ ቀይ ቡናማ ነው፤ ዙሪያው ነጣ ያለ ቢጫ። ከቅርፊቱ ወደ ውስጥ አራት ጣት ያህል ገባ ብሎ ጥቁር ሰማያዊ እድፍ አለ። ዝገቱ በእንጨቱ ክሮች መሀል ተሰራጭቷል። የዛፉ የዕድሜ ቀለበቶች እዚያ ሲደርሱ ወደ ውጭ ይጎብጣሉ፣ እድፉን ይከቡታል፣ ከዚያ ተስተካክለው ዙራቸውን ይቀጥላሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር እጄ መሮ ይፈልጋል፤ ወዲያው ደግሞ መሮውን ማስጠጋት እፈራለሁ።

የምጠይቃችሁ እነሆ። ከዚህ ግንድ ክብ ሰሌዳ ቆርጬ ላትም ነው የማስበው። እንዳይሰነጠቅ ምን ይደረጋል? ሚስማሩስ ይውጣ ወይስ ይቆይ? ይህ የሙያ ጥያቄ ነው። ከዚያ የሚከብደኝ፣ ክቡ ላይ ግቢውን ልቅረጽበት ወይስ ቀለበቶቹን ብቻ እንዳሉ ላትማቸው? ግቢው አሁን የለም፤ ፎቶግራፍም የለንም። ካለን ትዝታ ብቻ ነው የምቀርጸው፤ ትዝታችን ደግሞ አይገጥምም። እናቴ ኮሶው ከጓሮ ነበር ትላለች። ታላቅ ወንድሜ ከማድቤቱ ጎን ነበር ብሎ ይምላል። እኔ ኮሶውን ራሱን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው መሬት ላይ የረገፈውን ቀላ ያለ አበባ ነው። ከትዝታ የሚሠራ ሰው በዚህ ጊዜ ማንን ያምናል?


አናጺው ከሰበታ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ያንን ግንድ አሁኑኑ ክብ አድርገሽ አትቁረጪው። የሁሉም ሰው ፍላጎት ቶሎ ቆርጦ ማየት ነው፤ ከዚያ በሳምንቱ ከመሀል እስከ ዳር ይተረተራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሀል ወደ ዳር ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ክቡ በዙሪያው ማጠር ይፈልጋል፣ መሀሉ ግን በዚያው ልክ አይሰበሰብለትም፤ ስለዚህ አንድ ቦታ መከፈት አለበት። ለጥድ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም እንጨት ነው። ባሕር ዛፍማ ከዚህም የባሰ ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም።

ግንዱን በቁመቱ አቆዪው። ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሰም ወይም በወፍራም የዘይት ቀለም ድፈኛቸው፤ ውሃው በጫፍ በኩል ሮጦ እንዳይወጣ ነው። ከሲሚንቶው ወለል በሁለት አጣና ከፍ አድርጊው። ፀሐይ አይንካው፣ ነፋስ ግን ያግኘው። በበጋ የእኛ አገር አየር ደረቅ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነፋሱ ሲበረታ በጆንያ ሸፍኚው። ባለሙያዎች ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ይላሉ፤ ያ ለጣውላ ነው፣ ግንድ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። መታገሥ ካልቻልሽ ሌላ መንገድ አለ፦ ክቡን ወፈር አድርገሽ ቁረጪና ከዳር እስከ መሀል አንድ መስመር በመጋዝ ራስሽ ክፈቺለት። መሰንጠቁ የት እንደሚሆን አንቺ መረጥሽ ማለት ነው። ሲደርቅ ያ ክፍተት ይሰፋል፤ ሌላው ክፍል ግን ደህና ይሆናል። እድፉ ካለበት ተቃራኒ በኩል ክፈቺው።

ሚስማሩን አታውጪው። ለማውጣት ብትሞክሪ ዙሪያውን ትሰብሪዋለሽ። ነገር ግን በሰንሰለት መጋዝ አታስቆርጪው፤ በእጅ መጋዝ፣ ብረት የሚቆርጥ ምላጭ ተዘጋጅቶ፣ ሚስማሩ ላይ ሲደርስ ምላጭ እየተቀየረ ይቆረጥ። መላጊያም እዚያ ቦታ እንዳታሳልፊ፤ ስለቱ ይጎደፋል። እዚያን በብርጭቆ ወረቀት ብቻ አስተካክዪው።

ለመቅረጽ የሚሆን እንጨት ከፈለግሽ ደግሞ ጥዱን ተዪውና ዋንዛ ፈልጊ። ዋንዛ ለስላሳ ነው፣ መሮ ይወዳል፤ ከበሮም በርም የሚሠራበት ያለ ምክንያት አይደለም። ዝግባም የእንጨቱ ክር ደቃቅና እኩል ስለሆነ ቀጭን መስመር ይይዝልሻል። አዲስ አትግዢ። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986ቱ የደን አዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ ገበያ ላይ ያገኘሽው ከየት እንደመጣ አታውቂም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂጂ፣ የተሰበረ የዋንዛ ቁም ሣጥን ታገኛለሽ። ሠላሳ ዓመት ቤት ውስጥ የደረቀ ጣውላ ነው፤ ከእንግዲህ የትም አይሄድም።


አሮጌ መሮ፦

ልጄ፣ የአናጺውን ቃል ጠብቂ፤ ትክክል ነው። እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልናገር።

ብዙ ሰው የእንጨት ህትመት ለእኛ አገር አዲስ ነገር ይመስለዋል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1966 ድረስ ካርል ሃይንዝ ሃንሰን ባሂያ የሚባሉ ጀርመናዊ የእንጨት ቀራጭ አስተምረዋል። ብራዚል ይኖሩ ስለነበር የክፍለ ሀገሩን ስም ከስማቸው ጋር ያያዙ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ከተማሩት አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው፤ በኋላ በቀርከሃ ልጦች ላይ በሚሥሏቸው ሥራዎች ዓለም ያወቃቸው። ያ የመሮ እጅ ቀርከሃው ላይም አለ፤ በሰፊው ጥቁር መሀል ጠበብ ያለ ብርሃን ሲከፍቱ ይታያል። እኔ ከእነሱ በብዙ ዓመት ኋላ ነው የተማርኩት፤ ግን ይህ አሠራር እስከ እኛ ደርሷል።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። እርሳስ ይዘሽ ነጭ ወረቀት ላይ ስትሥዪ ባዶው ነጭ ነው፤ የምታውቂውን ትጨምሪበታለሽ። እንጨት ላይ ግን ያልተነካው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይታተማል። አንቺ የምታደርጊው ብርሃን ማውጣት ነው። ስለዚህ ከትዝታ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ሙያ የለም እላለሁ። የማታስታውሺውን አትቅረጪው። ኮሶው የት እንደነበር ካላወቅሽ እዚያ ቦታ መሮሽን አታሳርፊ፤ ጥቁር ሆኖ ይቅር። የረገፈውን አበባ ካስታወስሽ አበባውን ክፈቺ። እናትሽንም ወንድምሽንም ማመን የለብሽም፤ እነሱ የራሳቸው ትዝታ አላቸው፣ አንቺ የራስሽን ነው የምታትሚው። ብዙ ወጣቶች እዚህ ላይ ይሸነፋሉ። ጥቁሩ ሰፋ ብሎ ሲያስፈራቸው ሣር ይጨምሩበታል፣ ደመና ይጨምሩበታል፣ አንዲት ወፍ ይጨምሩበታል። ሥዕሉ ይሞላል፣ እውነቱ ይሄዳል። ሣሩ ከየት መጣ ብለሽ ብትጠይቂያቸው መልስ የላቸውም።

አሠራሩን ልንገርሽ። ጣውላውን አለስልሺና በሙሉ በጥቁር ቀለም ቀቢው። ሲደርቅ በነጭ ጠመኔ ሣይበት። አሁን የምታዪው ከሞላ ጎደል የሚታተመውን ነው፤ ጠመኔ ያለበት ይወጣል፣ ሌላው ይቆያል። ጠመኔው ሳትቆሚ፣ ሳታስቢ የሄደበትን መስመር ብቻ ተከተዪ። እጅሽ ቆም ብሎ እዚህ ጋ ምን ነበር ብሎ የጠየቀበትን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ አጥፊው።

እንዳትረሺ፣ ህትመት ይገለበጣል። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ፊትሽን ወደ ምዕራብ አድርገሽ ብትቆሚ ወጨጫ በግራሽ ነው፤ እንዳየሽው ብትቀርጪው ወረቀቱ ላይ በቀኝሽ ይገኛል። ለሌላ ሥዕል ይህ ምንም አይደለም። ቦታን ለሚያስታውስ ሥዕል ግን ትልቅ ነገር ነው፤ በሩ በተሳሳተ በኩል ከተከፈተ እናትሽ ወዲያው ታውቀዋለች። መጀመሪያ ስስ ወረቀት ላይ ሣይው፣ ገልብጠሽ ወደ ሰሌዳው አስተላልፊው።

ስለ ክቡ ግን እኔ አትቅረጪበት ነው የምለው። ቀራጩ አንድ ጊዜ ሠርቶታል፤ ዛፉ ነው።


ጥቁርና ነጭ፦

ጋሽ አሮጌ መሮ ስለ ጥቁሩ የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ስለ ክቡ ግን አልስማማም።

የቀለበት ህትመት ያምራል። አሜሪካዊው ብራያን ናሽ ጊል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 እስኪያርፍ ድረስ የግንድ ቁራጮችን እያለሰለሰ፣ በእሳት ለብለብ እያደረገ፣ ለስላሳውን ክፍል እየፈተገ፣ ስስ ወረቀት አልብሶ በእጁ እያሸ ያትም ነበር። በጣም ያማሩ ሥራዎች ናቸው፤ እኔም የመጀመሪያውን ሳይ ከፊቱ መነሣት አቃተኝ። ነገር ግን ያ የእሱ ሥራ ነው። የእኛ እህት ቀለበቱን ብቻ ካተመች ተመልካቹ የሚያየው አንድ ዛፍ ነው። የጊል አገር ኮነቲከት ይሁን ቡራዩ አይታወቅም። አያቷ የሉበትም፣ ነጠላው የለበትም፣ ሽቦው የለበትም። ስለ ትዝታ የሚናገር ሥራ ትዝታው በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ማብራሪያ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ሥራው አልተሠራም ባይ ነኝ።

የኖርዌዩን ሠዓሊ ኤድቫርድ ሙንክን እዩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890ዎቹ መጨረሻ የእንጨቱን የክር መስመር ሳይደብቅ ሥዕሉን በላዩ ይቀርጽ ነበር፤ ሰሌዳውን በመጋዝ ቆራርጦ፣ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ቀለም ቀብቶ፣ መልሶ ገጣጥሞ ያትም ነበር። እንጨቱም ሰውየውም አብረው ይናገራሉ። እንጨትን ማክበር ማለት አለመንካት ማለት አይደለም። አያትሽ ራሳቸው ዛፉን ወደውት ነበር፣ ሆኖም ሚስማር መትተውበታል። አንቺስ ለምን ትፈሪያለሽ?


የደን ባለሙያ፦

ሥዕል አላውቅም፤ ስለ ጥዱ ግን አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ጽሑፍዎን ሳነብ ሚስማሩ ላይ ቆምኩ።

ዛፍ ወደ ላይ የሚያድገው በጫፎቹ ብቻ ነው። ግንዱ በየዓመቱ ይወፍራል እንጂ አይለጠጥም። ስለዚህ ሚስማሩ ዛሬም ያለው አያትዎ በመቱት ከፍታ ላይ ነው፤ አንድ ጣት እንኳ ከፍ አላለም። ግንዱ የተቆረጠው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሆነ ካወቁና ያንን ከቁራጩ ላይ ካለው ርቀት ጋር ከደመሩት፣ አያትዎ እጃቸውን የት ድረስ ዘርግተው እንደመቱት ያገኙታል። ይህን ማንም ሰው በቃል ሊነግርዎ አይችልም።

ሁለተኛው፣ ከሚስማሩ ውጭ ያሉት ቀለበቶች በሙሉ ሚስማሩ ከተመታ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ከቅርፊቱ ጀምረው ወደ እድፉ ቢቆጥሩ የተመታበትን ዘመን ይጠጋሉ። ይጠጋሉ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የሐበሻ ጥድ ክረምቱ ሲያበቃና ደረቁ ወቅት ሲገባ እድገቱን ይገታል፤ ስለዚህ በአብዛኛው በዓመት አንድ ቀለበት ይሠራል። ነገር ግን የበልግ ዝናብ በደንብ ከጣለ በዚያው ዓመት ሁለተኛ፣ ሐሰተኛ ቀለበት ሊጨምር ይችላል። በጣም ደረቅ በሆነ ዓመት ደግሞ ቀለበቱ በአንድ በኩል ሊጠፋ ይችላል። እውነተኛው ቀለበት ድንበሩ ስል ነው፤ ሐሰተኛው ግን ጥቁሩ ቀስ ብሎ ገብቶ ቀስ ብሎ ይወጣል። በማጉያ መነጽር ሲያዩት ይለያል።

ከእርስዎ ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ በወጨጫ ተዳፋት ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በዋነኛነት ይኸው ጥድ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ ይነገራል። ካልሄዱ ይሂዱ፤ የአያትዎ ዛፍ በሙሉ ቁመቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያዩበት የቅርብ ቦታ ነው።


የገፈርሳ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ አናጺው፣ ጫፎቹን በሰም ደፍኛቸዋለሁ፤ ግንዱም በአጣና ላይ ተቀምጧል። ሰሌዳው የሚቆረጠው አንተ ባልከው መንገድ፣ ከእድፉ ተቃራኒ በመጋዝ ተከፍቶ ነው። ክፍተቱ ሲታተም ነጭ መስመር እንደሚሆን ዐውቃለሁ፤ ይሁን። ዛፉ የተቆረጠ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ምልክት በሥዕሉ ላይ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ጥቁርና ነጭ፣ ነገርህ አስጨንቆኝ ሰነበተ። አያቴ የሌሉበት ቀለበት የማንም ዛፍ ቀለበት ነው ያልከውን እውነት ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ነገር ግን መሮ ክቡ ላይ አላሳርፍም፤ ፈርቼም አይደለም። ክቡ ላይ የምቀርጸው እያንዳንዱ መስመር የሚያጠፋው ቀለበት አለው። የነጠላውን ብርሃን ለማውጣት ነጠላው የተሰጣበትን ዓመት ከእንጨቱ ላይ መፋቅ ይሆንብኛል። የእኔ ትዝታ በዛፉ ቦታ እንዲቆም አልፈልግም፤ ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ እንዲገኙ ነው የምፈልገው።

ስለዚህ ሁለት ሰሌዳ እሠራለሁ። አንደኛው ክቡ ነው፤ ሳልቀርጽ፣ በእሳት በትንሹ ለብለብ አድርጌ (ጥድ ዘይት አለው፣ ቶሎ ይቀጣጠላል)፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ፣ ቬርኒሽ ቀብቼ፣ በጣም በቀጠነ ግራጫ ቀለም አትመዋለሁ። ሁለተኛው የዋንዛ ጣውላ ነው። ጋሼ እንዳሉኝ በጥቁር ቀብቼ፣ በጠመኔ ሥዬ ግቢውን እቀርጻለሁ። ግራጫው ሲደርቅ ጥቁሩን በላዩ አትመዋለሁ። ሁለቱን የማጋጥምበት ነጥብ ሚስማሩ ነው። በክቡ ላይ እድፉ ያለበት ቦታ፣ በዋንዛው ላይ የሽቦው መስመር የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። ከዚያ ነጥብ ሽቦው ወደ ቀኝ ይወጣል፣ ነጠላው ይሰጣል፣ ቀለበቶቹ በነጠላው ውስጥ ያልፋሉ፤ የተቀረጸው ነጭ ስለሆነ ግራጫው ከሥሩ ይታያል። ጥቁሩ በሚበዛበት ደግሞ ቀለበቱ ይጠፋል።

ጋሼ፣ ጠመኔውን ትናንት ማታ ያዝኩት። ምን ሳልቆም እንደወጣ ልንገርዎት፦ የጥዱ ግንድ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ፣ ሽቦው፣ ነጠላው፣ ከነጠላው ሥር የአያቴ እግር ከነጫማዋ፣ ከበሩ ሥር ያለው ድንጋይ፣ ከዚያ መሬት ላይ የረገፈው የኮሶ አበባ። ፊቷ አልወጣም። ድምጿን በደንብ አስታውሰዋለሁ፣ ነጠላውን ስትጨምቅ የእጇን ደም ሥር አስታውሰዋለሁ፤ ከሽቦው በላይ ግን ጠመኔው ቆመ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ጉንጯ ላይ ንቅሳት ነበራት፣ አንገቷም ላይ፣ ጨምሪበት አለችኝ። እውነት ነው፤ ነበራት። ግን እኔ ከነጠላው ሥር ቆሜ ያየሁት እግሯን ነው። ንቅሳቱን እናቴ ራሷ እንድትሥለው ጠመኔውን ሰጠኋት፤ ለብቻው በትንሽ ጣውላ ላይ እቀርጸዋለሁ። የዚህኛው ከሽቦው በላይ ያለው ግን ጥቁር ይሆናል።

ባለሙያው፣ ስለ ከፍታው የነገሩኝን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና ተነሥታ እጇን ወደ በሩ መቃን ዘረጋች፣ እዚህ ነበር አለችኝ። ጉቶው አሁንም ከመንገዱ ዳር አለ፤ ዛሬ ሄጄ ከመሬት ያለውን ለካሁና ከቁራጩ ጋር ደመርኩት። እናቴ የዘረጋችው ከሚስማሩ በአንድ ስንዝር ዝቅ ይላል። አያቴ ከእናቴ ትረዝም ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። እናቴ ሚስማሩ የተመታው ታላቅ ወንድሜ በተወለደ ዓመት ነው ትላለች፤ የሕፃን ጨርቅ ብዙ ስለነበር ነው ሽቦው የተወጠረው። እሱ የተወለደው በ1969 ዓ.ም. ነው። ይህን ከቀለበቱ ማረጋገጥ ይቻላል? መቼ ልቁጠር?


የደን ባለሙያ፦

ይቻላል፤ ግን ከማቃጠልዎ በፊት ይቁጠሩ። እሳቱና ብሩሹ ሰፋፊዎቹን ቀለበቶች ያጎላሉ፣ ደቃቆቹን ግን ያጠፏቸዋል። ሰሌዳው ሲቆረጥ ከቅርፊቱ እስከ እድፉ ሁለት ጣት ስፋት ያለው መስመር በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ ከሻካራው ጀምረው እስከ መጨረሻው ለስላሳ ድረስ ይሂዱ። ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ድንበሮቹ ይጎላሉ። በየአሥሩ ቀለበት በቀጭን መርፌ ነጥብ ያድርጉ። ከዚያ ከእድፉ ራቅ ባለ ሌላ ሁለት አቅጣጫ ይድገሙት፤ ሐሰተኛ ቀለበት ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ይደበዝዛል ወይም ዙሩን ሳይጨርስ ይጠፋል፣ ሲያነጻጽሩት ይያዛል። ከእድፉ ጋር የሚገናኘውን ቀለበት በጣትዎ ይዘው ዙሪያውን ይከተሉት፣ እንዳይስቱ።

ዛፉ የተቆረጠው በ2016 ከሆነ ወደ 47 ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ትንሽ ቢበልጥ የበልጉ ቀለበቶች ናቸው፣ እናትዎን አይጠራጠሩ። ከ40 ቢያንስ ወይም ወደ 60 ቢጠጋ ግን በማጉያ መነጽር የተነሣ ፎቶ እዚህ ይለጥፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።